ለሽጉጥ ስልጠና ምን ልታጠቅ?

«እትዬ ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። 36 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ትንሽ ግሮሰሪ አለን፤ ማታ የምዘጋው እኔ ነኝ። ባለፈው የበረዶ ወራት ከእኛ ሁለት በር አልፎ ያለው ሱቅ በመሣሪያ ተዘረፈ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ተመካክረን የሜሪላንድን ሽጉጥ ታጥቆ የመንቀሳቀስ ፈቃድ ላወጣ ወሰንኩ። ሽጉጡን ገዝቻለሁ፣ ግሎክ 19 ነው። የ16 ሰዓቱን ስልጠና ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜና እሁድ እወስዳለሁ።

አሰልጣኙ የላከልኝ ዝርዝር እንዲህ ይላል፦ ቃታውን የሚሸፍን የወገብ ማህደር፣ ጠንካራ ቀበቶ፣ ቢያንስ 3 ካዝና (ጥይት የሚሞላበት)፣ 2 የካዝና መያዣ፣ የዓይንና የጆሮ መከላከያ፣ ባለ ጥላ ኮፍያ፣ 250 ጥይት። ሱቅ ሄጄ ስጠይቅ ሻጩ 700 ዶላር የሚጠጋ ዕቃ ደረደረልኝ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ የራሱን የብብት ማህደርና ‹ለሁሉም ሽጉጥ ይሆናል› የሚባል የናይለን ማህደር ሰጠኝ። ባለቤቴ ‹ሁለት ቀን ነው፤ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢው፣ ካልሆነም ወገብሽ ላይ ሸጎጥ አድርጊው› ይለኛል። እውነት ምን ልግዛ? ምንስ ይቅርብኝ?

አጭር ነኝ፣ ዳሌዬ ሰፊ ነው። ግራኝም ነኝ፤ ይሄ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ አላውቅም።

እህትዎ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መልሴን የምጀምረው መጨረሻ ላይ ጣል ካደረግሻት ነገር ነው። ግራኝ መሆንሽ ለውጥ ያመጣል። እንዲያውም ከሁሉም በፊት የሚታየው እሱ ነው። ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ የምታይው ማህደር ከሞላ ጎደል ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው። የግራው አብዛኛውን ጊዜ በትዕዛዝ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ያለሽ ሦስት ሳምንት ነው። ስለዚህ ማህደሩን ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ እዘዢ። ሌላው ሁሉ በኋላ ይደርሳል።

ምን ዓይነት ማህደር? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ገንዘብሽም ሐሳብሽም መዋል ያለበት እዚህ ነው።

እኛ ዘንድ የሽጉጥ ስሙ ራሱ ከመሸጎጥ የመጣ ነው። አባቴ ገጠር ሲወርድ በቀበቶውና በሸሚዙ መሃል ሸጎጥ ያደርገው ነበር፤ ከላይ ጋቢ ይደርብበታል። ባለቤትሽም የነገረሽ ያየውን ነው፤ አልፈርድበትም። አንቺ የገዛሽው ግሎክ ግን በአውራ ጣት የሚከፈትና የሚዘጋ ማስጠበቂያ የለውም። መጠበቂያዎቹ ውስጡ ናቸው፤ ዋናው ቃታው ላይ ያለው ነው፣ ቃታው ሲሳብ አብሮ ይለቃል። ቃታውን ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። የሳበው ጣት ይሁን፣ የሸሚዝ ጫፍ ይሁን፣ የቤት ቁልፍ ይሁን ለሽጉጡ ልዩነት የለውም። ስለዚህ ጥይት የጎረሰ ግሎክ ወገብሽ ላይ ሲሆን ትልቁ ጠባቂሽ ማህደሩ ነው። ያለ ማህደር ወገብ ላይ መሸጎጥ አይሆንም፤ ደህና አሰልጣኝ ካየሽ ከሜዳው ያስወጣሻል፤ ልክም ነው።

ብዙ ሰው ማህደር ሲገዛ የሚያስበው ስለ ማውጣት ነው። ፈጥኖ መምዘዝ፣ ፈጥኖ መተኮስ። እኔ የምፈራው መመለሱን ነው።

የመጀመሪያ ስልጠናዬን የወሰድኩት ቨርጂኒያ ነው። ጥቅምት ነበር፣ ብርድ ብርድ ይላል። የዝናብ ጃኬት ደርቤያለሁ። ወገቡ ላይ ማጥበቂያ ገመድ አለው፤ የገመዱ ጫፍ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታክል ፕላስቲክ ተሰክታለች። ተኩሰን ጨርሰን ሽጉጤን ወደ ማህደሩ እየመለስኩ ሳለ አሰልጣኙ ከኋላ መጥቶ የእጄን አንጓ ያዘኝ። አልጮኸም። «ቁሚ፣ እይው» አለኝ። ያቺ ፕላስቲክ ከቃታው ፊት ገብታ ተቀምጣለች። አንድ ኢንች ብገፋው ኖሮ የማህደሩ አፍ ገመዱን ይይዘዋል፣ ፕላስቲኳም ቃታውን ትጫነዋለች። አፈሙዙ የሚያየው ጭኔን ነው። ማታ ቤቴ ስገባ ገመዱን በመቀስ ቆርጬ ከጃኬቱ ውስጥ ሳብኩና አወጣሁት። ጃኬቱ አሁንም አለኝ፤ ገመድ የለውም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ማህደር ሲጠይቀኝ የምመልሰው በዚያች ፕላስቲክ ነው። የምትገዢው ማህደር ሽጉጡ ሲወጣ አፉ ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት። አፉ የሚጨማደድ ከሆነ ሽጉጡን ለመመለስ በሌላ እጅሽ ልትከፍችው ትገደጃለሽ፤ ያኔ አፈሙዙ በገዛ እጅሽ ፊት ያልፋል። ወይም በአፈሙዙ እየጎረጎርሽ ትከፍቺዋለሽ፤ ያም ያው ነው። ቃታውንና በዙሪያው ያለውን ብረት ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፣ ከውጭ ጣት ብትጫኚው የማይታጠፍ ሆኖ። ደግሞ ለግሎክ 19 ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት፤ «ለመካከለኛ ሽጉጥ» የሚል አይደለም።

ይህን ሁሉ በርካሽ የሚያሟላልሽ ካይዴክስ የሚባለው ነው። በሙቀት ለስልሶ በሽጉጡ ቅርጽ የሚወጣ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ሽጉጡ ገብቶ ቦታውን ሲይዝ ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ። ዋጋው ከ60 እስከ 100 ዶላር ገደማ ነው። ቆዳ አልጠላም፤ አፉ በብረት ወይም በድርብ ቆዳ የተጠናከረ ጥሩ ቆዳ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ያረጀና የለሰለሰ ቆዳ ግን ከንፈሩ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ቃታው ላይ ያርፋል። በዚህ ሰበብ ሽጉጥ ባርቆባቸው የተጎዱ ሰዎች አሉ።

ስታዢ «ለግራ እጅ»፣ «ከሱሪ ውጭ የሚታሰር»፣ «ግሎክ 19» ብለሽ እዘዢ። ሱሪ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ለየቀኑ ይመቻል ይሉሻል፤ እውነት ነው። ለመጀመሪያ ስልጠና ግን ከውጭ ይሁን። አፉን ታይዋለሽ፣ ልብስ አይገባበትም፣ አሰልጣኙም ከሩቅ ያየዋል።

አንድ ዓይነት አለ፣ ለፖሊስ የተሠራ የሚመስል። ሽጉጡን ለመልቀቅ በቃታ ጣትሽ አንድ ቁልፍ ትጫኛለሽ። አትግዢው። ጣትሽ ቁልፉን እየተጫነ ሽጉጡን ስትስቢ፣ ሽጉጡ ሲለቅ ጣትሽ ተንሸራቶ ቃታው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ብዙ ማሠልጠኛዎች በዚሁ ምክንያት አይቀበሉትም።

የአጎትሽ ልጅ ዕቃ እንግዲህ ሁለቱም አይሆንም። ናይለኑ አፉ ይጨማደዳል፤ ቃታውን የሚሸፍነውም ጨርቅ ነው። ብብት ላይ የሚታሰረው ደግሞ በአግድም ሲንጠለጠል አፈሙዙ ከኋላሽ ወደ ቆመው ሰው ያያል። ስታወጪውም ጎንሽ የቆመውን ጠርጎ ያልፋል። ሰልፍ ሠርታችሁ ስትቆሙ ይሄ የሚፈቀድ አይደለም። «ግራኝ ስለሆንኩ አልገጠመኝም» ብለሽ በምስጋና መልሺለት፤ ውሸት አይሆንብሽም።

አሁን ስለ ዳሌሽ። ይህን ወንድ አሰልጣኞች ብዙ ጊዜ አያነሱትም፤ አፍረው ይሁን ሳያውቁት ቀርተው። ማህደር የሚሠራው ቀጥ ያለ ጎን ታስቦ ነው። የእኛ ጎን ቀጥ ያለ አይደለም። ሰፊ ዳሌ የማህደሩን የታች ጫፍ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ያኔ እጀታው ከላይ ወደ ውስጥ ይጋደልና ጎድንሽን ይወጋል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ማታ ጎኔ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ሰማያዊ ምልክት አግኝቻለሁ። ሕመሙ ይሁን ግድ የለም። ችግሩ እጅሽ በእጀታውና በጎድንሽ መሃል አይገባም፤ ስለዚህ ክርንሽን ወደ ላይ አንጠልጥለሽ፣ ትከሻሽን አጣመሽ ነው የምታወጪው።

መፍትሔው ማህደሩን ከቀበቶው ትንሽ ዝቅ የሚያደርግና ከሰውነት ትንሽ የሚያርቅ ማያያዣ ነው። ብዙ የካይዴክስ ሠሪዎች ለብቻው ይሸጡታል። ጭን ላይ የሚታሰረውን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ስትራመጂ ይወዛወዛል። አንድ ሁለት ኢንች ዝቅ ያለ ይበቃል። ሌላው ርካሽ መፍትሔ ሱሪው ነው። እምብርት ላይ የሚደርሰውን ሱሪ ተይና ወገቡ ዝቅ ያለውን ልበሺ። ቀበቶው በወረደ ቁጥር እጀታውም አብሮ ይወርዳል፤ አጭር ሴት ይህን ካደረገች ግማሹ ችግር ይቀንሳል። ቦታውም በግራ ጎንሽ፣ እጅሽ ቀጥ ብሎ ሲወርድ የሱሪሽ ስፌት የሚያልፍበት መስመር ላይ ይሁን።

ቀበቶ ከማህደሩ ቀጥሎ ነው። ሽጉጥሽ ጥይት ሲሞላ 800 ግራም ገደማ ይመዝናል። በተራ የሴት ቀበቶ ላይ ስትሰቅይው ወደ ውጭ ይጋደላል፤ ስታወጪውም ማህደሩ አብሮሽ ይነሳል። ስፋቱ አንድ ኢንች ተኩል፣ ማለትም 3.8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠንካራ ቀበቶ ግዢ። የማህደሩ ማስገቢያም ያንኑ ልክ ይሁን፤ ሰፊ ማስገቢያ በጠባብ ቀበቶ ላይ ይላወሳል። ሱቅ ውስጥ ስትፈትኚው ቀበቶውን አንድ ጫፉን ይዘሽ፣ ጠፍጣፋው ወደ ጎን እንዲሆን አድርገሽ ዘርጊው። እንደ ረጠበ ጨርቅ ከተንጠለጠለ መልሺው። ከመክፈልሽ በፊት ግን የሱሪሽ ማስገቢያዎች ያሳልፉት እንደሆነ እይ። የሴት ሱሪ ማስገቢያ ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። እኔ ለስልጠና የወንድ ጂንስ ነው የምለብሰው።

ካዝናን በተመለከተ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ2013 ኦክቶበር ጀምሮ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥ አይፈቀድም። ስለዚህ ከሽጉጡ ጋር የተሰጡሽ የ10 የ10 ናቸው። እስቲ አስቢው፤ 250 ጥይት ለ10 ሲካፈል 25 ጊዜ ካዝና መሙላት ነው። አሰልጣኙ 3 ቢልም ከቻልሽ 5 ይሁኑ፤ ሌላው ሰው ዕረፍት ላይ ውኃ ሲጠጣ አንቺ ጥይት ስትሞዪ እንዳትውዪ። ለአውራ ጣትሽም አፕሉላ የምትባለውን መሙያ ግዢላት። ካዝናው አፍ ላይ ተገጥማ ሞላውን ወደ ታች የምትጫን ትንሽ ፕላስቲክ ናት። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ አውራ ጣቱ ያላበጠ ተማሪ አይቼ አላውቅም፣ መሙያ ካላቸው በቀር።

የካዝና መያዣዎቹ የሚቀመጡት በቀኝ ጎንሽ ነው፤ ግራ እጅሽ ሽጉጥ ይዟላ። የጥይቶቹ አፍንጫ ወደ ፊት፣ ወደ እምብርትሽ ይዙር። እንዲያ ከሆነ ካዝናውን ስትይዢ ሌባ ጣትሽ በፊት ለፊቱ ላይ ይዘረጋል፤ ወደ እጀታው ስታስገቢው ጣትሽ መንገዱን ይመራሻል። ካዝና መልቀቂያው ቁልፍ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ለቀኝ እጅ አውራ ጣት የተሠራ ነው። ከአራተኛው ትውልድ ወዲህ ያለ ግሎክ ከሆነ ወደ ሌላው ጎን ማዞር ይቻላል፤ አሰልጣኙን ጠይቂው።

ጆሮሽን አደራ። የዚህ ሽጉጥ ድምፅ 160 ዴሲቤል ገደማ ነው። 140 ላይ አንድ ተኩስ ብቻ የጆሮን ሕዋስ ሊጎዳ ይችላል፤ የተጎዳው ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ደርቢ፤ ከውስጥ ስፖንጁ፣ ከላይ እንደ ማዳመጫ የሚደፋው። ስፖንጁን በጣቶችሽ አሽከርክረሽ አቅጥኚው። በሌላው እጅሽ ጆሮሽን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቢው። አስገቢና እስኪነፋ ግማሽ ደቂቃ ያዢው። አብዛኛው ሰው ጫፉን ብቻ ይሰካና «አይሠራም» ይላል።

የላይኛው ኤሌክትሮኒክ ይሁን። 50 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ተኩሱን ይቆርጠዋል፣ የሰውን ድምፅ ግን ያጎላዋል። ለእኛ ይሄ ቅንጦት አይደለም። በእንግሊዝኛ የሚጮኸውን ትእዛዝ በታፈነ ጆሮ መስማት እዚህ ተወልዶ ላደገውም ይከብደዋል። «ሲዝ ፋየር» የምትለዋን ግን አሁኑኑ አጥኚያት፤ ተኩስ አቁም ማለት ነው፣ አደጋ ያየ ማንም ሰው ሊላት ይችላል። ሌላ ትእዛዝ ካልገባሽ ጣትሽን ከቃታው አርቀሽ፣ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳደረግሽ፣ ባዶ እጅሽን ከፍ አድርጊ። ማንም አይቆጣሽም። ሹሩባ ከተሠራሽ የላይኛው መከላከያ ከጆሮሽ ጋር አይገጥምም፤ ለዚያ ሳምንት ፀጉርሽን ወደ ኋላ ዝቅ አድርገሽ እሰሪው። መነጽሩም እጀታው ቀጭን ይሁን፣ በዚያ በኩል ድምፅ እንዳይገባ። የዓይን መከላከያ ደረጃ ምልክት የሆነው ዜድ 87 ያለበት የ10 እና የ15 ዶላር መነጽር ዓይንሽን ይጠብቃል።

ልብስ ላይ አንገቱ የተዘጋ ቲሸርት ልበሺ። ይህን እንደ ቀላል አትይው። ሴቶች ብቻ በነበርንበት አንድ ስልጠና ላይ ከጎኔ የቆመች ልጅ አንገተ ሰፊ ሸሚዝ ለብሳ ነበር። ከግራዋ ከምትተኩሰው ሴት ሽጉጥ የተፈናጠረ ቀለህ፣ ማለትም የተተኮሰው ጥይት ባዶ ቀፎ፣ ሸሚዟ ውስጥ ገባ። ቀለህ ሲወጣ ይፋጃል። ልጅቷ ዘለለች፤ በዘለለችበት ሽጉጡን እንደያዘች ወደ እኛ ዞረች። አሰልጣኟ ሁለት እጇን ይዛ ወደ ኢላማው መለሰቻት። ሁላችንም ደህና ነን። የልጅቷን ዓይን ግን እስካሁን አልረሳሁትም። ስለዚህ አንገት የተዘጋ፣ ኮፍያ ባለ ጥላ፣ ጫማ ሽፍን፣ ሻርፕና ነጠላ ቤት፣ ገመድ ያለው ጃኬት ጭራሽ። ቀለህ ከገባብሽም እያቃጠለሽ ታገሺው፤ ትንሽ ጠባሳ ቢተርፍሽ ነው። መጀመሪያ አፈሙዙ፣ ከዚያ ቀለሁ።

የቦርሳው ነገር። ባለቤትሽን ቁጭ አድርገሽ ይህን ንገሪው። በፈረንጆቹ 2014 ዲሴምበር 30 ቀን አይዳሆ ውስጥ አንዲት ወጣት እናት ልጇን ይዛ ገበያ ወጣች። ሽጉጧ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፣ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ኪስ። ፈቃድ ነበራት። የ2 ዓመት ልጇ ከጋሪው ላይ ሆኖ ቦርሳውን ከፈተ፣ ተኮሰ፣ እናቱን ገደላት። አንቺ የሁለት ልጆች እናት ነሽ፤ ቦርሳሽን ማን እንደሚጎረጉረው ታውቂያለሽ። ከዚህ በላይ አልጨምርም። ቤት ውስጥም ቢሆን በእጅ አሻራ ወይም በቁጥር የሚከፈት ትንሽ የብረት ሣጥን ከማህደሩ ጋር አብረሽ እዘዢ። ሜሪላንድ በ2023 ሕጉን አጥብቃለች፤ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ መሣሪያ መተው ያስጠይቃል።

ማህደሩ ሲደርስሽ ሽጉጡን ባዶ አድርጊ። ካዝናውን አውጪ፣ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሳቢ፣ ውስጡን በዓይንሽም በትንሿ ጣትሽም አረጋግጪ። ጥይቱ ሁሉ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ልጆቹ ትምህርት ቤት በሄዱበት ሰዓት ይሁን። ሽጉጡን ማህደሩ ውስጥ አስገብተሽ አልጋ ላይ ገልብጪው፤ መውደቅ የለበትም። ከወደቀ ማጥበቂያውን ቪቴ በካቻቢቴ ትንሽ አጥብቂ። ከዚያ ታጥቀሽው ተቀመጪ፣ ጎንበስ በይ፣ ጫማሽን እሰሪ። ጎድንሽን ከወጋሽ ማያያዣውን አሁን ቀይሪ፤ የስልጠናው ቀን አትጠብቂ።

ከዚያ መመለሱን ተለማመጂ። ማውጣቱን አሰልጣኙ ያስተምርሻል። ጣትሽ ከቃታው ርቆ በሽጉጡ ጎን ቀጥ ይበል። ቀኝ እጅሽ ሸሚዝሽን ከማህደሩ አካባቢ ይሰብስብና ደረትሽ ላይ ይቀመጥ። ቁሚ። የማህደሩን አፍ በዓይንሽ እይው። ከዚያ በቀስታ አስገቢ። የሚይዝሽ ነገር ካለ አትግፊ፤ አውጪና እይ። በቀን 20 ጊዜ፣ እንደ ቀሰስተኛ። ማንም አያጣድፍሽም፤ ስልጠናው ላይ ሰው ሁሉ ጨርሶ አንቺን ቢጠብቅ ይጠብቅ።

የመንገዱን ነገር በአጭሩ። ሽጉጡ ጥይት ሳይኖረው በተዘጋ መያዣው ውስጥ፣ ከመኪናው ኋላ ይቀመጥ፤ ጥይቱ ለብቻው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ጆርጂያ አቬኑን ጥቂት ብትወርጂ፣ ኢስተርን አቬኑን ስታልፊ ዋሽንግተን ዲሲ ነሽ። ዲሲ ያላስመዘገብሽው ሽጉጥ ይዘሽ መገኘት ወንጀል ነው፤ ነገ የምታገኚው የሜሪላንድ ፈቃድም እዚያ አይሠራም። ከስልጠና ስትመለሺ እንጀራ ልግዛ ብለሽ ድንበሩን እንዳትሻገሪ። ደግሞም ለመጎብኘት ወይም ለትምህርት በቪዛ የመጣ ዘመድ «እስቲ እኔም ልሞክር» ቢልሽ እሺ አትበይ። የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያሉ ባለ ቪዛዎች ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር መሣሪያ እንዳይዙ ይከለክላል፤ ለአንድ ተኩስ በእጁ መያዙም መያዝ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱን ሊያበላሽበት ይችላል።

ስትጨርሺ እጅሽ ላይ፣ ፊትሽ ላይ፣ ልብስሽ ላይ እርሳስ የሚባለው ብረት ብናኝ ይኖራል። ቤት ውስጥ ባለ የተኩስ ቦታ ይበዛል። እኛ በእጃችን የምንበላ ሰዎች ነን፤ ስለዚህ የምሳ ሰዓት ላይ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ እስከ ክርንሽ ሳትታጠቢ እንጀራ እንዳትቆርሺ፣ ማንንም እንዳታጎርሺ። ማታ ጫማሽን በር ላይ አውልቂ፣ ልብስሽን ቀይሪ፣ ታጠቢ፤ ልጆችሽን ከዚያ በኋላ እቀፊ። እርሳስ ለሕፃን አእምሮ ደህና የሚባል መጠን የለውም። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ትሆኚ ይሆናል ብለሽ ከጠረጠርሽ ስልጠናውን አስተላልፊው።

ሻጩ ከደረደረልሽ ውስጥ ጃኬቱን፣ ጓንቱን፣ የሽጉጥ መብራቱን፣ ቢላውን ተዪው። ማህደር 80፣ ማያያዣ 20፣ ቀበቶ 60፣ የካዝና መያዣዎች 35፣ ጆሮና ዓይን 70፣ መሙያ 35 ብትይ 300 ዶላር ይሆናል፤ ተጨማሪ ካዝና፣ ሣጥንና ጥይት ለየብቻ ነው። ገንዘብ ካነሰሽ ካዝናዎቹን ቀንሺ። ማህደሩና ጆሮሽ ላይ አትቀንሺ።

ቅዳሜ ጠዋት ስትደርሺ ሽጉጡን ከመያዣው አታውጪው። ማህደሩንና ቀበቶውን ባዶውን ታጥቀሽ ግቢ፣ አሰልጣኙ የት እንደምታወጪው ይነግርሻል። ግራኝ መሆንሽንም ያኔውኑ ንገሪው፤ የት እንደሚያቆምሽ ያስብበታል። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ የት እንዳለም ጠይቂ።

እሁድ ማታ ደክሞሽ ይሆናል። ሰኞ ግን ጻፊልኝ። ያ ማህደር ጎድንሽን ነካው ወይስ አልነካውም፣ ማወቅ እፈልጋለሁ።